ወርቃማው ካቴና

«ጧ!»

ሶሲና ቀና ስትል፣ ከፊቷ ፔዳሉ ላይ ቆማ ዳገቱን ስትገፋ የነበረችው ሆዶ ቀኝ እግሯ ድንገት ወደ ታች ሰመጠ። መሪው ተጠመዘዘ። ከዚያ ሆዶና ብስክሌቷ ተያይዘው አስፋልቱ ዳር ያለው ጠጠር ላይ በጎን ወደቁ።

«ሆዶ!»

አምስቱ ልጆች የካራማራ ዳገት መሀል ላይ በአንድ ጊዜ ፍሬን ያዙ። ቡድኑን በባጃጅ ከኋላ የሚከተሉት የስፖርት መምህራቸው ጉሌድም ባጃጁ በቅጡ ሳይቆም ዘለው ወረዱ።

«ደህና ነኝ! አትሰብሰቡብኝ አቦ!» አለች ሆዶ። ደህና ግን አልነበረችም። የሱሪዋ ጉልበት ተቀዷል፣ ከውስጡ ደም ይታያል፤ የግራ መዳፏም ተልጧል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ያስተካከለችው ከራስ ቁሯ ሥር የተንሸራተተውን ሻሿን ነበር። ከዚያ ወደ ብስክሌቷ ዞረች። «ምኑ ነው የለቀቀኝ?»

የለቀቃት ከኋላዋ አሥር እርምጃ ርቆ አስፋልቱ ላይ ተዘርግቷል። ሶሲና ሄዳ አነሳችው። ወርቃማው ካቴና ነው፣ ከሁለት ሳምንት በፊት በገዛ እጇ የገጠመችው። ተበጥሷል።

«አልነገርኳችሁም?» አለች፣ ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው የሆዶን ጉልበት ያስታወሰችው።

ማንም ግን አልተቀየማትም። እንዲያውም ኢቅራ አንገቷን ነቀነቀች። «ነግረሽን ነበር። ዋላሂ ነግረሽን ነበር።»

እውነትም ነግራቸው ነበር።

ስድስቱ የተራራ ብስክሌቶች ለትምህርት ቤቱ የተሰጡት በሸደር የስደተኞች ካምፕ ይሠራ የነበረ አንድ ድርጅት ሥራውን ሲያጠናቅቅ ነው። ጥሩ ብስክሌቶች ናቸው፤ ግን ዓመታት የሸደርን አሸዋ በልተዋል። የከተማው ትምህርት ቤቶች የሴቶች ውድድር ከጅጅጋ እስከ ካራማራ አናት እንደሚካሄድ ሲነገር፣ መምህር ጉሌድ ስድስት ልጆች መረጡ። ሶሲናን ግን የመረጧት በፍጥነቷ አልነበረም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዋ ሶሲና ከቶጎ ውጫሌ የመጣ አሮጌ ብስክሌቷን ፈትታ፣ እንደገና ገጥማ፣ የእናቷን ስልክ ካርድ በጥገና ቪዲዮ ስትጨርስ ኖራ፣ በትምህርት ቤቱ «ሜካኒኳ» ተብላ የምትጠራ ልጅ ናት። እሷም ስሙን አልጠላችውም።

የመጀመሪያ ቀን ማስመሪያዋን ከቦርሳዋ አውጥታ የስድስቱንም ካቴና ለካች። አዲስ ካቴና አሥር ሙሉ ማያያዣው ሃያ አምስት ነጥብ አራት ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ካቴና ሲያረጅ ይረዝማል፤ የረዘመ ካቴና ደግሞ በማርሹ ጥርስ ላይ በትክክል ስለማይቀመጥ ጥርሱን እየሞረደ ይጨርሰዋል። ከስድስቱ ሁለቱ ሃያ አምስት ነጥብ ሰባት መጡ፣ አልቀዋል። አራቱ ግን የቆሸሹ እንጂ ያረጁ አልነበሩም።

ተማሪው ያዋጣውን ገንዘብ ይዛ ከመናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የኤዶ ኢስተሂል ሱቅ የሄደችው ከሆዶ ጋር ነበር። ሁሉም ሰው «ኤዶ»፣ አክስቴ እያለ የሚጠራቸው ኢስተሂል ሱቃቸውን ራሳቸው የሚያስተዳድሩ፣ ዕቃቸውንም ራሳቸው ድንበር ድረስ ሄደው የሚያመጡ ሴት ናቸው። ሁለት ዓይነት ካቴና ጠረጴዛው ላይ አደረጉላቸው። አንዱ ግራጫ፣ ዘይት በነካው ካርቶን ውስጥ ያለ። ሌላው እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ።

«ይሄ ወርቁ ርካሽ ነው» አሉ። «የጅጅጋን አቧራ ታውቁታላችሁ። ከጠረጋችሁት አራት አምስት ወር ይሠራል። ካልጠረጋችሁት ሁለት ወር። ይሄ ግራጫው ብረቱ ሌላ ነው፣ ዓመትም ያልፋል። በአንዱ ግራጫ ዋጋ ሦስት ወርቁን ትገዛላችሁ። እኔ ሁለቱንም እሸጣለሁ፣ እናንተ ምረጡ።»

ሶሲና ሐሳቧን ለቡድኑ አቀረበች። ሁለት ግራጫ ይገዛ፣ ላለቁት ሁለት ብስክሌቶች ይግባ፤ አራቱን እሷ በነጭ ጋዝና በጥርስ ብሩሽ አጥባ፣ በየማያያዣው አንድ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ትሰጣቸዋለች። የሞተር ዘይት አይሆንም፤ አቧራ ይሰበስባል።

«ስድስት አዲስ መግዛት እየቻልን ሁለት?» አለች ሆዶ። «ደግሞ ወርቅ! ስንሰለፍ አስቢው እስቲ። ሌሎቹ ገና ሲያዩን ነው የሚሸነፉት።»

አምስት ለአንድ። ወርቁ ተገዛ።

ይኸው እንግዲህ፣ ዛሬ ከዳገቱ መሀል ተበጥሶ እጇ ላይ ነው።

«ሰኞ አብረን ወደ ሱቁ እንሄዳለን» አሉ መምህር ጉሌድ የሆዶን ጉልበት በውሃ እያጠቡ። «የስድስቱንም ገንዘብ ትመልሳለች። ልጅ የሚጥል ዕቃ አይሸጥም። ሶሲና፣ እሱን ያዢው፣ ማስረጃ ነው።»

«እሺ ቲቸር።»

ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሆዶ ባጃጁ ውስጥ ሆና አንገቷን አውጥታ ጮኸችላት፣ «ናያ፣ አንቺ ሶሲና! ሁለተኛ አንቺን አልከራከርም!» ሶሲና ሳቀች። መርታት ደስ ይላል፤ ሆዶ ደግሞ በቀላሉ የምትረታ ልጅ አልነበረችም።

ቤት እንደገባች አሮጌ ሳህን ውስጥ ነጭ ጋዝ ቀዳች። ማስረጃው ንጹሕ መሆን አለበት፤ ኤዶ ኢስተሂል ብረቱ እንዴት እንደተቀደደ በዓይናቸው ማየት አለባቸው። ካቴናውን ነክራ በጥርስ ብሩሽ ፈተገችው፣ በጨርቅ አደረቀችው፣ ከዚያ በረንዳው ላይ ፀሐይ ያለበት ቦታ ተቀምጣ የተበጠሰውን ጫፍ ወደ ዓይኗ አስጠጋችው።

ብረቱ አልተቀደደም።

አገላበጠችው። የማያያዣው ሁለት ስስ የጎን ብረቶች ሙሉ ናቸው፤ አንደኛው ብቻ ወደ ውጭ ተገልብጧል። በመሀላቸው ያለችው ፒን አልተሰበረችም። በአንድ በኩል ብዙ ወጥታለች፣ በሌላው በኩል ቀዳዳውን ጨርሶ አልያዘችም። የፒኗ ራስ ላይ ደግሞ ትንሽ የተወጋ ነጥብ አለ፣ ዙሪያውን ወርቃማው ቀለም ተፍቆ።

ሶሲና ያንን ነጥብ ታውቀዋለች። የካቴና መፍቻው ጫፍ የሚተወው ነው። በአንድ ካቴና ላይ አንድ ቦታ ብቻ ይገኛል፣ ገጣሚው ፒኑን ገፍቶ ሁለቱን ጫፎች ያገናኘበት ቦታ ላይ።

ሌሎቹን ፒኖች አንድ በአንድ አየች። ከመቶ በላይ ናቸው። ሁሉም ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው፤ አንዳቸውም አልላሉም።

የገጠመችበትን ቀን አስታወሰች። የሆዶ ብስክሌት የመጨረሻው ነበር። አምስቱን ስትጨርስ እያንዳንዱን ፒን በሁለቱም በኩል እኩል መውጣቱን በጥፍሯ ዳስሳ፣ ማያያዣውን ወዲያና ወዲህ አጥፋ አይታ ነበር። ስድስተኛው ላይ ግን ሆዶ ከበሩ ሆና «ነይ እንጂ! አንድ ዙር እንንዳ፣ መሽቶብን ሊቀር ነው!» አለቻት። መፍቻውን አንድ ጊዜ ግማሽ ዙር ማዞር ቀርቷት እንደነበር አሁን ብቻ ሳይሆን ያኔም ጠርጥራ ነበር። እጇ ዘይት ነበር፤ ደክሟት ነበር። «ጨርሻለሁ» ብላ ተነሣች።

«ምን ተገኘ?» አሉ እናቷ ወይዘሮ ለተማርያም ከሥራ ሲገቡ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ። የሆዶን መውደቅ በስልክ ሰምተዋል።

«ምንም» አለች ሶሲና። ካቴናውን በጨርቁ ጠቀለለችው። «ርካሽ ዕቃ ነው።»

እሑድ ሙሉ ቀን ያንን ጨርቅ አልፈታችውም። ለራሷ ግን ብዙ ነገር ነገረች። ካቴናው ርካሽ መሆኑ ውሸት አይደለም። እሷ ግራጫው ይሻላል ማለቷ ውሸት አይደለም። ሆዶ ማጣደፏም ውሸት አይደለም። እነዚህን ሦስት እውነቶች ደርድራ ስታበቃ አራተኛው አሁንም ጨርቁ ውስጥ ነበር።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ መምህር ጉሌድ፣ ሆዶና ሶሲና ወደ ሱቁ ሄዱ። የሆዶ ጉልበት በፋሻ ተጠቅልሏል፣ በጥቂቱም ታነክሳለች። ኤዶ ኢስተሂል ለአንድ ጎልማሳ ገበያተኛ ከዚያው ከወርቁ ካቴና እያሳዩ ነበር።

መምህር ጉሌድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በሶማልኛ ጀመሩ፣ በአማርኛ ጨረሱ። «...ሁለት ሳምንት እንኳን አልሠራም! ዳገት ላይ! ከኋላዋ መኪና ቢኖርስ?»

ጎልማሳው እጁ ላይ ያለውን ካቴና አየው። ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ መለሰውና ወጣ።

ኤዶ ኢስተሂል አልተቆጡም። መጀመሪያ ያዩት የሆዶን ጉልበት ነው። «አንቺ ነሽ የወደቅሽው?» አሉ። ከጠረጴዛው ኋላ ወጥተው ጎንበስ ብለው ፋሻውን ነካ አደረጉት። «ያማል?»

«አሁን ተሽሎኛል ኤዶ።»

ወደ ሶሲና ዞሩ። «ልጄ፣ ርካሽ ነው ብዬሽ ነበር። አራት ወር ይሠራል ብዬሽ ነበር። አልዋሸሁሽም። እኔ ይሄን ካቴና ለሀርሺን፣ ለደምበል ሰዎች ሁሉ ሸጫለሁ፤ ተበጠሰ ብሎ የመለሰልኝ የለም።» ሶሲና ማስረጃው ያለበትን ቦርሳዋን ወደ ጎኗ አጥብቃ ያዘች። ኤዶ ኢስተሂል በረዥሙ ተነፈሱ። «ሀዬ፣ እሺ። ልጅ ከወደቀች እኔ የዚህን ገንዘብ አልፈልግም። ስድስቱንም ነገ አምጡት።» መሳቢያቸውን ከፍተው ገንዘቡን ለመምህር ጉሌድ መለሱላቸው። ከዚያ ከመደርደሪያው ላይ ወርቁን ካቴና አንድ በአንድ እያወረዱ ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመሩ።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» አለች ሶሲና። ከገባች ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

«ልጅ የሚጥል ከሆነ እንዴት እሸጠዋለሁ?»

ከሱቁ ወጡ። መምህር ጉሌድ ባጃጅ ለመጥራት ወደ አስፋልቱ ሲሻገሩ፣ ሆዶ ክንዷን በሶሲና ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። «አሁን በዚህ ሁለት ግራጫ እንገዛለን። ልክ አንቺ እንዳልሽው። አሪፍ አይደለም?»

አሪፍ ነበር። ሶሲና የፈለገችው ሁሉ፣ ምንም ሳትናገር፣ በእጇ ገብቶ ነበር።

«ሆዶ፣ ቁሚ እስቲ።» ጨርቁን ከቦርሳዋ አውጥታ ፈታችው። ጫፉን አሳየቻት። «ይቺን ፒን እያት። በዚህ በኩል ወጥታለች። በዚህ በኩል ግን አልገባችም።»

«እሺ?»

«እኔ ነኝ የገጠምኳት። ካቴናው አይደለም የተበጠሰው። እኔ የገጠምኩበት ቦታ ነው የለቀቀው።»

ሆዶ ክንዷን ከትከሻዋ ላይ አነሳች። ፒኗን አየች፣ ፋሻዋን አየች፣ እንደገና ሶሲናን አየች። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ቅዳሜ።»

«ቅዳሜ! እና 'አልነገርኳችሁም' ስትዪኝ...»

«ያኔ አላወቅኩም። ቤት ከገባሁ በኋላ ነው ያወቅኩት። ግን ከዚያ በኋላም አልነገርኩሽም።»

ባጃጆች አለፉ፤ ነፋሱ የመናኸሪያውን አቧራ ይዞ መጥቶ ዓይናቸውን አስጨፈናቸው። ሆዶ ዓይኗን ስትገልጥ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ስሚ። የወደቅኩት እኔ ነኝ አይደል? እኔ ትቼልሻለሁ። ስለዚህ አለቀ። ለቲቸር አትንገሪ። ገንዘቡ ተመልሷል፣ ግራጫውን እንገዛለን፣ ቅዳሜ እናሸንፋለን። ብትነግሪያቸው ሁለተኛ መፍቻ አያስነኩሽም። ማን ይጠግንልናል?»

«ኤዶ ኢስተሂልስ?»

«ነጋዴ ናት። ነገ ሌላ ነገር ትሸጣለች።»

ሶሲና ወደ ሱቁ አየች። በሩ ክፍት ነው፤ ኤዶ ኢስተሂል መሰላል ላይ ቆመው ከላይኛው መደርደሪያ ወርቁን እያወረዱ ነው። መምህር ጉሌድ ባጃጅ አስቁመው «ኑ!» እያሉ በእጃቸው ይጠራሉ።

«አንቺ ይቅር ያልሽኝ ስለ ጉልበትሽ ነው» አለች ሶሲና። «የእሳቸውን አንቺ ልትተዪልኝ አትችዪም።»

ዞራ ገባች። ሶሲና አንድ ነገር በደንብ ታውቃለች፣ ነገርን ፈትታ ማሳየት። ካቴናውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ኤዶ፣ ይውረዱ እስቲ፣ ላሳይዎት።»

ለሆዶ እንዳሳየችው አሳየቻቸው። የተወጋውን ነጥብ፣ ያጠረውን ጎን፣ ከዚያ ያልተነኩትን ሌሎች ፒኖች። ስትጨርስ «የእርስዎ ዕቃ አይደለም የጣላት። የእኔ ሥራ ነው» አለች። መምህር ጉሌድ «ባጃጁ እየጠበቀ ነው» ሊሉ መጥተው በሩ ላይ ቀርተዋል። ሁሉንም ሰምተዋል።

ኤዶ ኢስተሂል ካቴናውን አንስተው ወደ ብርሃኑ ያዙት። «እኔ ይሄን ዓመታት ስሸጥ እንዲህ ተጠግቼ አይቼው አላውቅም» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ጠንከር አለ። «ያ ቅድም ካቴናውን ትቶ የወጣው ሰውዬ ደምበል ነው የሚሄደው። ለሁሉም ያወራል። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«መናኸሪያ ነው ያለው። መኪናው ገና አልሞላም።»

ሶሲና ወጥታ ሮጠች። የደምበልን ሚኒባስ እስክታገኝ አራት መኪና ውስጥ አንገቷን አስገብታ አየች። ጎልማሳው መስኮት ዳር ተቀምጦ ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ እየሰማ፣ እያለከለከች፣ ጥፋቱ የእሷ እንደሆነ ነገረችው። አንዳንዱ ሳቀ። ጎልማሳው አልሳቀም፤ ጥቂት አስቦ ወረደና ወደ ሱቁ ተመለሰ።

መምህር ጉሌድ ገንዘቡን መለሱ። በመንገድ ላይ ሶሲናን አልተቆጧትም፣ አላመሰገኗትምም። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ብቻ «የሆዶን ብስክሌት ነገ ሌላ ባለሙያ ይገጥመዋል» አሉ። ሶሲና የጠበቀችው ይህን ነበር።

ማክሰኞ ከሰዓት ስድስቱ ልጆች ብስክሌቶቹ የሚቀመጡበት ክፍል ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ሶሲና ሁሉንም ነገር በራሷ አፍ ነገረቻቸው። ኢቅራ «ሼም ነው» አለች፣ ግን ለማን እንዳለች አልታወቀም። መምህር ጉሌድ ዐያንሌ የሚባል የባጃጅ መካኒክ ጠርተው ነበር። ዐያንሌ የሆዶን ብስክሌት አየና ራሱን አከከ።

«እኔ የባጃጅ ነው የማውቀው። የዚህን መፍቻ እንኳን አልያዝኩም። ማነው እነዚህን አምስቱን የገጠመ? ጥሩ ተገጥመዋል።»

ሁሉም ሶሲናን አዩ። መምህር ጉሌድም አዩዋት።

ሆዶ እያነከሰች መጣች። ብስክሌቷን ከግድግዳው አላቅቃ በሶሲና ፊት በጀርባው ገለበጠችው። «አልቸኩልም» አለች። መሬት ላይ ተቀመጠች። «እስኪመሽም ቢሆን።»

ሶሲና ካቴናው መጀመሪያ ሲገጠም ተቆርጦ ከተረፈው ቁራጭ አንድ ማያያዣ ወስዳ የተጎዳውን ተካች። ፒኑን ገፋች። ግማሽ ዙር። ቆመች፣ በጥፍሯ ዳሰሰች፣ አሁንም ሩብ ዙር። ከዚያ የሆዶን እጅ ይዛ ጣቷን ፒኑ ላይ አደረገችው።

«በዚህ በኩል ይሰማሻል?»

«አዎ።»

«በዚህስ?»

«እኩል ነው።»

«እጠፊው።» ሆዶ ማያያዣውን ወዲያና ወዲህ አጠፈችው። ያለ ችግር ታጠፈ። መምህር ጉሌድ ጎንበስ ብለው እሳቸውም ዳሰሱት፤ ከዚያ ዐያንሌን ትከሻውን መታ አድርገው ሻይ ሊጋብዙት ይዘውት ሄዱ።

ልጆቹ የራስ ቁራቸውን ማንሳት ጀመሩ። የመለማመጃ ሰዓታቸው እየሄደ ነው፤ ውድድሩ አራት ቀን ቀርቶታል። ሶሲና ግን መፍቻውን ቦርሳዋ ውስጥ አልከተተችም። የኢቅራን ብስክሌት ጎትታ በጀርባው ገለበጠችው።

«የእኔ ደህና ነው እኮ፣ መካኒኩም ጥሩ ነው ብሏል» አለች ኢቅራ።

«ነይ፣ ጣትሽን አምጪ» አለች ሶሲና። «ዛሬ የሁላችሁንም እናያለን።»